ባዶው ዓምድ

ዘንድሮ በካርዱ አንድ ዓምድ ተጨምሯል፣
ከሒሳብ ቀጥሎ፣ ከስፖርት በላይ፣
«መንፈሳዊ እድገት፣ ከመቶ» ይላል።
ኮሚቴው ነው አሉ፣ ከአይዞል ወስኖ የላከው፤
ርእሰ መምህሩ፣ ፑ ቢያክታንጋ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
«ሰኞ ይመጣሉ፤ እስከዚያ ሙዪው።»

ሌሊት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ይወቅራል፤
መብራት ከሄደ ሦስት ቀኑ፣ ሻማዬ ይቀልጣል።
ሠላሳ አንድ ስም ከፊቴ ተሰልፏል፣
ሠላሳ አንድ ሳጥን አፉን ከፍቶልኛል።

ከሳንግኪማ ልጀምር፣ የእሱስ ቀላል ነው፤
መዝሙር መቶ አሥራ ዘጠኝን
ሳይተነፍስ ነው እንደ ጅረት የሚያወርደው።
እንግዳ ሲመጣ እሱን ነው የማስነሣ፣
እሱ ነው ኩራቴ፣ የክፍሌ አንበሳ።
ግን ባለፈው ዓርብ፣ ከውድድሩ ማግሥት፣
የሸለምነውን መጽሐፍ ቅዱስ በደረቱ ታቅፎ፣
እግሩ የሚያነክሰውን ልጅ ከወንበሩ ገፍቶ
ሲቀመጥ አየሁት፣ በላዩ ላይ አልፎ።
ለምላሱ ዘጠና፣ ለክርኑ ዜሮ፣
ደምሬ ላካፍለው ይሆን ለሁለት?

ዚርሳንጊ አትዘምርም።
እናቷን የመሬት ናዳ ከበላት ወዲህ፣
ከበሮው ሲመታ፣ ጉባኤው ሲነሣ፣
ከንፈሯን ገጥማ ነው የምትቆም እንዲህ።
በእኛ መንደር እናት ሩዝ ለምሳ ስትጥድ፣
አንድ እፍኝ ታነሣለች ለጌታ፣
ከዚያ ነው እሳቱ የሚነድ።
ዘንድሮ ዚርሳንጊ፣ በዐሥራ አንድ ዓመቷ፣
እሷው ናት ወጥ ሠሪ፣ እሷው ናት እናቷ።
እሑድ ቆርቆሮዋን ከሚዛን ታኖራለች፣
ጸሐፊው ሲመዘግብ ሳትናገር ትሄዳለች።
አንድ ቀን እፍኟን አየኋት፣
የድንቢጥ ጎጆ ታህላለች፤
ለዚህ ነው ሁለቴ የምትዘግነው።
«የእማዬ እጅ ሰፊ ነበር»፤
ዓመቱን ሙሉ ከአፏ የሰማሁት ይኸው ብቻ ነው።

እርሳሱን ቀረጽሁት። ደግሜ ቀረጽሁት።

በአውራ ጎዳናው ዳር ሻጭ የሌለው ሱቅ አለ፤
ዝንጅብል፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ በቀርከሃ መደብ ተደርድሮ፣
ዋጋው በከሰል ተጽፎ፣
ገንዘቡ ለአንዲት ጣሳ በአደራ ተሰጥቶ ያድራል፣
ጠባቂ የለውም ዘንድሮም እንደ ድሮ።
ከዚያች ጣሳ ንጉርሊያና ሃያ ሩፒ አነሣ። ሰማሁ።
በክፍሉ ፊት አቆምሁት፤
«አትስረቅ» የሚለውን መቶ ጊዜ አስጻፍሁ።
ጻፈ። የእጁ ጽሕፈት ያምራል። መቶውንም ቆጠርሁ።

በማግሥቱ በዝናብ ወደ ሱቁ ሲወርድ
ተከተልሁት። አላመንሁትማ፤ እውነቱ ይኸው ነው።
ሃያውን መለሰ። መሄድ ሲገባው ግን ቆመ፣
ከጭቃው የወደቀ ሰሌዳ አነሣ፣
በእጅጌው አበሰው፣
ዝናብ ያጠፋውን የሙዝ ዋጋ
በከሰል ጻፈው እንደገና፣
ዘወር ሲል እኔን አየና፣
«መምህርት፣» አለኝ፣ «እርስዎን ማን ያርማል?»
ስድብ አልነበረም። ሊያውቅ ፈልጎ ነው።
መልስ አልነበረኝም፤ ከጃንጥላዬ ሥር ቦታ ሰጠሁት፤
እስከ ቤቱ ድረስ
እሱም ግማሹን፣ እኔም ግማሼን ረጠብን።

ሻማው አለቀ። ዓምዱ እንዳለ ነው።
ማለዳ ፑ ቢያክታንጋ መጣ፣ ገጹን ገለጠ፣
ብዙ ዝም አለ።
«ቁጥር ይፈልጋሉ፣ ፒ ሮዛሚ።
እኔም ብሆን...» አልጨረሰውም።
ፈሪ ነኝ፤ ደመወዝም እፈልጋለሁ።
ጻፍሁ፦ ሰባ፣ ሰባ፣ ሰባ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሰባ፣
ለአንበሳውም፣ ለዝምተኛዋም፣ ለሌባውም።
ከግርጌ፣ በተራ ቁጥር ሠላሳ ሁለት፣
የራሴን ስም አከልሁ፤
ሳጥኑን ግን ባዶ ተውሁት።

ደወል ተደወለ። ለጸሎት ተሰለፉ፤
ከበሮው ጀመረ። ከኋላ ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ዚርሳንጊ እንደ ወትሮው ከንፈሯን ገጥማለች።
ጫማዋ ግን ወለሉን በቀስታ ይነካል፣ ይነሣል፣ ይነካል፤
ብርድ ይሁን ምት፣ አላውቅም።